ዋጋው ተለጥፏል

ባቄላ ነበረ እዚህ፣ እኔ አሁን በምወለውለው፣
የሼህ ሙሄ ማሳ፣ እስከ ወንዙ የተንጣለለው።
ዛሬ እብነ በረድ ነው። ከጢጣ ማዶ ለሚያየው
ቶሳ ራሱን ሊያይ የሰቀለው መስተዋት ይመስላል፤
ደመና በአምስቱም ፎቅ ሳይፈተሽ ገብቶ ያልፋል።

እኛ ግን እንፈተሻለን። አራጋው በዚያ ብረቱ
የሽማግሌ ከዘራ ሳይቀር ያሸታል በየጠዋቱ።
በሩ ራሱ ይከፈታል። «ቤቶች!» ብሎ ለኖረ ሰው
«ማን ልበል?» የማይል ቤት ምኑ ነው ደስ የሚለው?

ባጃጆቹ «ሞል! ሞል! አንድ ሰው!» ይላሉ፤ የማሳው ስም ተረሳ፤
አርብ ከጁምዓ፣ እሁድ ከቅዳሴ፣ አገሩ ወደዚህ ተነሳ።
የኩታበር ሙሽሮች ራሱ በሚወጣው ደረጃ ላይ ፎቶ ይነሳሉ፤
ልጆች ወጥተው ይወርዳሉ፣ ወርደው ይወጣሉ፣ ምንም ሳይገዙ ይጠግባሉ።
እቴ ዘሀራ «ቢስሚላህ» አለች፤ አንዱ እግሯ ሄደ፣
ሌላው ከኔ ጋር መሬት ላይ ቀረ፤
እጇን ይዤ «አብሽሪ» ስል፣ መወልወያዬም አብሮን ተሳፈረ።

መግዛት? መግዛትማ ሌላ ነው።
ዋጋው ተለጥፏል፤
ብርድ ልብሱ ላይ፣ ድስቱ ላይ፣ የሕፃን ጫማው ላይ፣ በነጭ ወረቀት፤
ሰው ቀርቦ ያነባል፣ ከንፈሩን መጦ ይወጣል፣ እንደ ለቅሶ ቤት።

ሰኞ ገበያ አሥራ ሁለት ዓመት ጨው ሸጫለሁ።
«ቀንሺ እንጂ!» ሲሉኝ «ልጅዎ ዳነ ወይ?» እላለሁ፤
ማን አገባ፣ ማን ሞተ፣ የማን ላም ወለደች፣
ጨዋችን ሳይሰፈር ፀሐይ ዘቀዘቀች።
እዚህ ግን ወረቀቱ ቀድሞ ተናግሮ ጨርሷል፤
ሻጭ ስልኩን ያያል፣ ገዢ ወረቀቱን ያያል።

ሐምሌ ላይ ነው፣ ማክሰኞ፣ ዝናቡ ሲያጓራ፣
መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩም ሁለቴ አስሎ ዝም።
ደረጃው ከነሰዉ ቆመ። በሩ አልከፈትም አለ።
ጨለማ። መቶ ሰው፣ መቶ ትንፋሽ።
ከዚያ የሼህ ሙሄ ድምፅ፦
«ልጄ፣ ይኼ ብርድ ልብስ ስንት ነው?»
«ዋጋው ተለጥፏል፣ አባባ።»
«የታለ? አይታየኝም።»
ሰዓዳ ዳበሰች፤ ለሷም አልታያት።
«ሁለት ሺህ ስምንት መቶ… መሰለኝ።»

መሰለኝ!
መሰለኝ ማለት በር ነው፣ ሰው ገፍቶ የሚገባበት።
«ከመሰለሽማ፣ ሁለት ሺህም ይመስላል።»
«ወላሂ አይሆንም፣ አለቃዬ ይቆጣኛል።»
«የማን ልጅ ነሽ?»
«የእንድሪስ፣ የቦሩው።»
«በሬዬን የገዛኝ እንድሪስ! እሱስ ያኔ ምን ያህል አስቀነሰኝ!»
ከጨለማው ማዶ አንዱ ሳቀ፤ ሌላዋ «ቀንሺላቸው» አለች፤
ከጫማው ቤት አንዲት እናት የልጇን እግር በስንዝር ለካች፤
አንዱ ድስቱን በጥፍሩ መትቶ ጆሮውን አስጠጋ፤
አራጋው ብረቱን ጥሎ ደላላ ሆነ፣ ለሁሉም ወገን የሚዋጋ፤
እኔም፣ አላህ ይይልኝ፣ «የመጨረሻውን ንገሪያቸው!» ስል
ራሴን ሰማሁት፣
በዚያ በጨው ሻጭ ድምፄ፣ ሦስት ዓመት ባስተኛሁት።

በሁለት ሺህ ሦስት መቶ ተጨባበጡ።

መብራቱ መጣ።
ሁሉም እጁን ከማያውቀው ሰው ትከሻ አነሳ።
ደረጃው ተንቀሳቀሰ፤ ዝምታው ወደ ቦታው ተመለሰ።
ሰዓዳ ወረቀቱን አየችው፦ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ።
ሼህ ሙሄ ብርድ ልብሱን ታቅፈው
«እህ፣ ምን ይላል?» አሉ።
«እንደተባባልነው ነው የሚለው» አለች፣
በጥፍሯ እየላጠች።

ከደሞዟ ነው የሚቆረጠው። እሷም ታውቃለች፣ እኔም።

ማታ ስወለውል ከባንኮኒው ሥር አገኘኋት፣ ተጨማድዳ፤
ባልዲው ውስጥ ጣልኳት፣ አረፋው ላይ።
ቁጥሯ ቀስ እያለ ለቀቀ፤
ሦስቷ ቀድማ።